«ይችላል» እና «ግዴታ አለበት»፤ የእንግሊዝ ከተሞች በገበያና በትምባሆ ላይ ያገኙት ሥልጣን ታሪክ

አንድ ሕግ ተመክሮበት፣ ጸድቆና ታትሞ ከወጣ በኋላ የሚጠብቀው ዕድል ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደ ገበያው ይወርዳል፤ ወይ በመጽሐፉ ውስጥ እንደ ተኛ ይቀራል። ይህን ዕድሉን የሚወስንለት የቅጣቱ ክብደት ወይም የቃላቱ ማማር ብቻ አይደለም። እስከ ሱቁ በር ድረስ ሄዶ ሚዛኑን የሚያነሣ፣ ዱቄቱን የሚያስመረምር፣ ለልጅ ሲጋራ የሸጠውን ነጋዴ «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። ያም ሰው ሥልጣኑን ከየት እንዳገኘ፣ ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው፣ ሥራውን ሳይሠራ ቢቀርም ማን እንደሚጠይቀው አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

ይህን ነገር ከታሪክ ለማስረዳት የእንግሊዝን አገር መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት በዚያ አገር የገበያ ቍጥጥር ከጥንት ጀምሮ በየከተማውና በየአውራጃው አስተዳደር እጅ ስለ ነበረ፣ እያንዳንዱም እርምጃ በሕግ ተጽፎ ስለ ተገኘ፣ መቼ እንደ ተሳካና መቼ እንደ ከሸፈ በግልጽ ለማየት ስለሚቻል ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው፤ ወደ አገራችን ዐዋጅ ስንመጣ ግን በራሳችን አቈጣጠር እንጠቀማለን።

በ1215 የእንግሊዝ መኳንንት ንጉሥ ዮሐንስን አስገድደው ያስቀበሉት ማግና ካርታ የተባለው ታላቅ ቃል ኪዳን ስለ ነጻነትና ስለ ፍርድ ብቻ የሚናገር ይመስለን ይሆናል። ነገር ግን ከአንቀጾቹ አንዱ፣ ይኸውም 35ኛው፣ ስለ ገበያ ነው። በመላው መንግሥት የወይኑ መስፈሪያ አንድ ይሁን፣ የጠላውም አንድ ይሁን፣ የእህሉም አንድ ይሁን፣ የጨርቁም ወርድ እንዲሁ ይሁን፣ ሚዛኑም እንደ መስፈሪያው ይሁን ይላል። ከዚህ እንደምንረዳው በመስፈሪያ የመታለል ብሶት ከንጉሥ ጋር እስከ መጣላት ካደረሱት ብሶቶች ጋር አብሮ ለመጻፍ የበቃ ነበር። እኛም «አባይ ሚዛን» የሚል ቃል በቋንቋችን መኖሩን ስናስብ ነገሩ የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ ችግር እንዳልነበረ እንገነዘባለን።

ከዚያ በኋላ፣ በ1266 ገደማ፣ በሦስተኛው ሄንሪ ዘመን የዳቦና የጠላ ሥርዐት ወጣ። የዚህ ሥርዐት አሠራር ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው ያስደንቃል። የዳቦው ዋጋ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ክብደቱ ነው። ስንዴ ሲረክስ የአንድ ሳንቲም ዳቦ ይከብዳል፤ ስንዴ ሲወደድ ይቀላል። ስለዚህ ጋጋሪው ማጭበርበር ቢፈልግ የሚያጭበረብረው በክብደቱ ነው፤ ሹሙም ሚዛን ይዞ ከመጣ ማጭበርበሩ ወዲያው ይገለጣል።

ይህን ሥርዐት የሚያስፈጽሙት በለንደን የተቀመጡ የንጉሥ ሹማምንት ብቻ አልነበሩም። በየከተማው የከተማው ሰዎች፣ በየጉልቱም ባለ ጉልቱ የሚሾማቸው ነበሩ። ከእነዚህም መካከል ጠላ ቀማሽ የሚባል ሹም ነበረ። ሥራውም በየጠማቂው ቤት እየዞረ የጠላውን ጥራት መቅመስና መስፈሪያውን መመልከት ነበር። የታላቁ ጸሐፌ ተውኔት የዊልያም ሼክስፒር አባት ጆን ሼክስፒር በ1556 በስትራትፎርድ ከተማ ለዚህ ሹመት ተመርጦ ነበር። እንዲሁም በየዓመታዊው ገበያ ላይ ከነጋዴው እግር አቧራ ሳይራገፍ ፍርድ የሚሰጥ ችሎት ስለ ነበረ ስሙ «የአቧራማ እግሮች ችሎት» ተባለ። እንግዳው ነጋዴ ገበያው ከተበተነ በኋላ ስለማይገኝ፣ ፍርዱ በፍጥነት መሰጠት ነበረበት።

ቅጣቱም በአደባባይ ነበር። በለንደን ዳቦ አጕድሎ የተገኘ ጋጋሪ የጐደለውን ዳቦ አንገቱ ላይ አንጠልጥለው በእንጨት መንሸራተቻ ላይ አድርገው፣ ሕዝብ በሚበዛባቸው መንገዶች ይጐትቱት ነበር። ደግሞ ከተገኘ አንገቱንና እጆቹን በእንጨት ግንድ ውስጥ አስገብተው ያቆሙታል። ቅጣቱ ጨካኝ ነው። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፤ የተታለለው ሕዝብ፣ ያታለለው ጋጋሪና የቀጣው ሹም ሁሉም በአንድ ከተማ የሚተዋወቁ ነበሩ።

ሥርዐቱ ጕድለት አልነበረውም ማለታችን አይደለም። በብዙ ቦታ ጠማቂዎች በየጊዜው መቀጮ እየከፈሉ ሥራቸውን እንደ ነበረ ይቀጥሉ ነበር። መቀጮው ከቅጣትነት ወደ ፈቃድ ክፍያነት ተለወጠ፤ ባለ ጉልቱም የሚያየው ጠላው መስተካከሉን ሳይሆን ገንዘቡ መግባቱን ሆነ። ተቈጣጣሪው ከጥፋት ገቢ የሚያገኝ ከሆነ ጥፋቱ እንዲቀር አይተጋም። ይህ ትምህርት ከሰባት መቶ ዓመት በኋላም አላረጀም።

በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ተለወጠች። ሰው ከገጠር ወደ ፋብሪካ ከተሞች ጐረፈ። ዱቄቱ የሚመጣው ከማይታወቅ ወፍጮ፣ ሻዩ ከባሕር ማዶ፣ ወተቱ ከሩቅ ሆነ። በዚያው ዘመን ንግድ በራሱ ይመራ፣ ገዢው ራሱ ዐይኑን ይክፈት የሚለው አሳብ አየለ። የዳቦው ሥርዐት በለንደን በ1822፣ በቀረው አገር ደግሞ በ1836 ተሻረ። ጠላ ቀማሹም፣ የአቧራማ እግሮች ችሎትም ቀስ በቀስ ለስም ብቻ ቀሩ።

ነገር ግን ሚዛኑ ጨርሶ ያለ ጠባቂ አልቀረም። በ1824 ለመላው መንግሥት አንድ ዓይነት መስፈሪያ ታወጀ፤ በ1835 የወጣው ሕግም የየአውራጃው ዳኞች የሚዛንና የመስፈሪያ መርማሪዎችን እንዲሾሙ አዘዘ። መርማሪው ወደ ሱቅ ገብቶ ሚዛንና መስፈሪያ ለመመርመር፣ ሐሰተኛ ሆኖ ያገኘውንም ለመያዝ ሥልጣን ተሰጠው። በዚያን ዘመን ሕግ ተቈልሎ መስፈርም ተከለከለ። የኛ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ቍና በአፉ ልክ ሲሰፈርና ተቈልሎ ሲሰፈር ያለውን ልዩነት ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። ቍልሉ በሰፋሪው እጅ የሚረዝምና የሚያጥር ስለ ሆነ፣ ሕግ ሊለካው የማይችል ነገር ነበር። ሊለካ የማይችለውን ደግሞ መርማሪ ሊያስከብረው አይችልም።

እንግዲህ ክብደቱ ጠባቂ አገኘ። በሚዛኑ ላይ የተቀመጠው ነገር ምንድን ነው የሚለውን ግን የሚጠይቅ ሹም አልነበረም። በ1820 በለንደን የሚኖር ፍሬደሪክ አኩም የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በምግብ ውስጥ ስለሚጨመሩ ባዕድ ነገሮችና መርዞች መጽሐፍ አሳተመ። አንድ ሺሕ ቅጂ በአንድ ወር ውስጥ አለቀ። አኩም የአጭበርባሪዎቹን ስም ጭምር ጽፎ ስለ ነበር ብዙ ጠላት አፈራ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ከአንድ ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት ገጽ ቀዷል ተብሎ ተከሶ አገሩን ለቆ ሄደ። እርሱ ሲሄድ ነገሩም ለሠላሳ ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቈየ። መርማሪው የግል ሰው ሲሆን፣ ሰውየው ሲወድቅ ምርመራውም አብሮ ይወድቃል።

ነገሩን እንደ ገና የቀሰቀሰችው ቡና ናት። የመንግሥቱ ገንዘብ ሚኒስትር ሰር ቻርልስ ውድ፣ ቺኮሪ የተባለው ተክል ሥር ተቈልቶ ከቡና ጋር ቢደባለቅ በኬሚስትሪም ሆነ በሌላ ዘዴ ለይቶ ማወቅ አይቻልም ብለው የታወቁ ሊቃውንትን ምስክር አድርገው ለፓርላማ ተናግረው ነበር። አርተር ሂል ሐሳል የተባለ ሐኪም ግን የተፈጨውን ቡና በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ፣ የቡናው ፍሬና የቺኮሪው ሥር አሠራራቸው የተለያየ መሆኑን አሳየ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት አዘጋጅ ቶማስ ዌክሊም ከሐሳል ጋር ተባብሮ ከ1851 እስከ 1854 ድረስ ከየሱቁ ምግብ እየተገዛ እንዲመረመር አደረገ። ዳቦውን ለማንጣት አሉም የተባለ ማዕድን ሲጨመርበት፣ ወተቱ ውሃ ሲሆን፣ ከረሜላው በመርዘኛ ቀለም ሲቀባ ተገኘ። መጽሔቱም የሸጡትን ሱቆች ስምና አድራሻ እያተመ አወጣ።

ፓርላማውም በ1855 አጣሪ ኮሚቴ አቁሞ ምስክሮችን ሰማ። ሕግ ግን ቶሎ አልወጣም። ሕጉን ያፋጠነው የልጆች ሞት ነው።

በ1858 በጥቅምት መጨረሻ፣ በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በብራድፎርድ ከተማ አንድ ነጋዴ በገበያ ቦታ ከረሜላ ይሸጥ ነበር። በዚያ ዘመን ስኳር ውድ ስለ ነበረ፣ ከረሜላ ሠሪዎች ስኳሩን ለማብዛት ጀሶ ይቀላቅሉበት ነበር። ይህም ድብቅ ምሥጢር አልነበረም፤ በሙያው ዘንድ የተለመደ ስለ ሆነ ጀሶው የራሱ የሥራ ስም ነበረው። ከረሜላ ሠሪው ሰው ልኮ ከመድኃኒት ሻጭ ጀሶ እንዲመጣለት አደረገ። ባለ መድኃኒቱ ታሞ ስለ ነበር ረዳቱ ወደ ጓዳ ገብቶ ከተሳሳተው በርሜል 12 ፓውንድ ነጭ ዱቄት ሰፍሮ ሰጠው። ዱቄቱ ጀሶ አልነበረም፤ አርሴኒክ የተባለው ኀይለኛ መርዝ ነበር። ከእርሱም 40 ፓውንድ ያህል ከረሜላ ተሠራ። ሻጩ የከረሜላው መልክ ከወትሮው የተለየ መሆኑን አይቶ ዋጋ አስቀነሰበት እንጂ ከመሸጥ አልተመለሰም።

በማግሥቱ ልጆች መሞት ጀመሩ። መጀመሪያ ኮሌራ ነው ተባለ። ምክንያቱ ከረሜላው መሆኑ በታወቀ ጊዜ ፖሊሶች ሌሊቱን በየመንገዱ እየዞሩ ሕዝቡን አስጠነቀቁ። በመጨረሻ 20 ያህል ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ የሚሆኑም ታመሙ። ሦስቱ ሰዎች፣ ከረሜላ ሠሪው፣ ባለ መድኃኒቱና ረዳቱ፣ ተከሰሱ። ነገር ግን አንዳቸውም አልተፈረደባቸውም። መርዙ የተሰጠው በስሕተት ነው፤ ከረሜላ ውስጥ ጀሶ መቀላቀል ደግሞ በጊዜው የሚያስቀጣ ወንጀል አልነበረም። በዚያች ከተማ የሚዛን መርማሪ ነበረ፤ ከረሜላው በክብደቱ ጐድሎ ቢገኝ ኖሮ ሻጩ ይከሰስ ነበር። ክብደቱ ግን ሙሉ ነበር።

ከዚህ ጥፋት በኋላ፣ በ1860፣ ፓርላማው የምግብን መበረዝ የሚከለክል ሕግ አወጣ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገር ያለውም እዚህ ላይ ነው። ሕጉ የየአካባቢው አስተዳደር ምግብ የሚመረምር ኬሚስት «ለመሾም ይችላል» አለ እንጂ «ግዴታ አለበት» አላለም። ምግቡንም ገዝቶ ለምርመራ የሚያመጣ የመንግሥት ሠራተኛ አላዘጋጀም። የተታለለው ገዢ ራሱ ዕቃውን ይዞ ሄዶ፣ የምርመራውንም ዋጋ ከኪሱ ይከፍል ነበር። እንግዲህ ከረሜላ በሳንቲም የሚገዛ የፋብሪካ ሠራተኛ ከከረሜላው ዋጋ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ ከፍሎ እንዲያስመረምር ተፈቀደለት ማለት ነው። የየከተማው ምክር ቤትም ብዙውን ጊዜ ባለ ሱቆች የሚበዙበት ስለ ነበረ፣ ግብር ከፋዩም አዲስ ወጪ ስለማይወድ፣ ኬሚስት የሾሙት ከተሞች እጅግ ጥቂት ሆኑ። ሕጉ ለዐሥራ ሁለት ዓመት በመጽሐፍ ውስጥ ተኛ።

በ1872 ሕጉ ተሻሻለ። የከተማው መርማሪዎች ራሳቸው እንደ ማንኛውም ገዢ ሱቅ ገብተው ናሙና እንዲገዙ ተፈቀደ፤ ማዕከላዊው መንግሥትም ኬሚስት ያልሾመውን አስተዳደር ለማስገደድ ኀይል አገኘ። በ1875 ደግሞ የምግብና የመድኃኒት ሽያጭ ሕግ ወጣ። ይህ ሕግ ገዢው ከጠየቀው ዕቃ በዓይነቱ፣ በይዘቱም ሆነ በጥራቱ የተለየ ነገር መሸጥን ከለከለ። ከዚህም ሌላ፣ ነጋዴውን ከሐሰት ክስ የሚጠብቅ ብልኀት አስገባ። መርማሪው የገዛውን ናሙና ከሦስት ይከፍለዋል፤ አንዱን ለነጋዴው ይሰጣል፣ አንዱን ለኬሚስቱ ይልካል፣ ሦስተኛውን አሽጎ ለፍርድ ቤት ያስቀምጣል። ክርክር ቢነሣ ሦስተኛው ክፍል ወደ መንግሥቱ ላቦራቶሪ ተልኮ እውነቱ ይታወቃል። በ1899ም የወጣው ሕግ፣ አንድ የአካባቢ አስተዳደር ይህን ሥራ ችላ ቢል ማዕከላዊው መንግሥት በእርሱ ፈንታ እንዲያሠራ ሥልጣን ሰጠ።

ከ1860 እስከ 1899 ባሉት ዓመታት ውስጥ የተጨመረው ምን እንደ ሆነ እንመልከት። መበረዝ መጥፎ መሆኑ በ1860ም ታውቆ ነበር። የተጨመረው ሹም፣ ናሙና መግዣ ገንዘብ፣ የማስረጃ ሥርዐት፣ ቸልተኛውንም የሚጠይቅ የበላይ ነው። «ይችላል» የሚለው ቃል ወደ «ግዴታ አለበት» ሲለወጥ ሕጉ ከእንቅልፉ ነቃ።

ይህ ትምህርት በምግብ ከተገኘ በኋላ በትምባሆ እንደ ገና እንደ አዲስ መማር ማስፈለጉ የሚያሳዝን ነው። ትምባሆ በእንግሊዝ የቈየ ነገር ነው፤ የታተመ ሲጋራ ግን አዲስ ነበር። በ1880ዎቹ ሲጋራ የሚጠቀልል ማሽን ከአሜሪካ መጣ፤ በብሪስቶል ከተማ የነበረው የዊልስ ኩባንያም ገዛው። በ1888 ዉድባይን የሚባለው ሲጋራ አምስቱ በአንድ ፔኒ መሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሲጋራ የአዋቂ ሰው ብቻ መሆኑ ቀረ፤ ጋዜጣ የሚያዞር ልጅ በዕለት ገቢው ሊገዛው የሚችል ነገር ሆነ። በደቡብ አፍሪካ ከቦይሮች ጋር በተደረገው ጦርነት ጊዜ ብዙ ወጣቶች ለወታደርነት ብቁ ሳይሆኑ ስለ ቀሩ መንግሥቱ ደነገጠ። በ1904 ነገሩን ያጠናው ኮሚቴ ከተመለከታቸው ምክንያቶች አንዱ የልጆች ማጨስ ነበር።

በ1908 የወጣው የልጆች ሕግ ዕድሜው ከ16 በታች ለሚመስል ልጅ ሲጋራ ወይም የሲጋራ ወረቀት መሸጥን ከለከለ። ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 2 ፓውንድ፣ ለሁለተኛ ጊዜ እስከ 5፣ ከዚያ በኋላ እስከ 10 ፓውንድ ይቀጣል። የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ወይም የመናፈሻ ጠባቂ በመንገድ ሲያጨስ ያገኘውን ልጅ ሲጋራ እንዲቀማ ተፈቀደ። ወንዱን ልጅ ኪሱን መፈተሽ ይችላል፤ ሴቷን ግን መፈተሽ አይችልም።

ሕጉ መልካም ነበር። ነገር ግን አስፈጻሚው ማን ነው? ሥራው በዋናው ለፖሊስ ተተወ። ፖሊስ ደግሞ ሌባና ነፍሰ ገዳይ የሚያሳድድ፣ መንገድ የሚጠብቅ ስለ ሆነ፣ ለአንድ ፔኒ ሲጋራ ሱቅ ለሱቅ የሚዞርበት ጊዜ አልነበረውም። በዚያው መንገድ ላይ በየሱቁ እየገባ ሚዛን የሚያይና ናሙና የሚገዛ የአስተዳደሩ መርማሪ ነበር፤ በትምባሆው ሽያጭ ላይ ግን የተጣለበት ግዴታ አልነበረም። በ1933 ሕጉ ታድሶ ቢወጣም የአስፈጻሚው ነገር ብዙም አልተለወጠም። በ1950 ዶልና ሂል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የሲጋራንና የሳንባ ነቀርሳን ግንኙነት የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። በ1962 የለንደን የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ማጨስ እንደሚገድል በይፋ ተናገረ። አደጋው እንዲህ ከታወቀ በኋላ እንኳ ልጆች ከጥግ ሱቅ ሲጋራ መግዛታቸውን አልተዉም፤ ከማሸጊያው የወጣ አንድ ፍሬ ሲጋራ የሚሸጥላቸውም አላጡም ነበር።

በሌላው በኩል የሸማቹ ጥበቃ እየጠነከረ ሄደ። በ1968 ስለ ሸቀጥ ሐሰተኛ መግለጫ መስጠትን የሚከለክል ሕግ ሲወጣ፣ ሕጉን ማስፈጸም የእያንዳንዱ የሚዛንና የመስፈሪያ አስተዳደር «ግዴታ ነው» ብሎ በግልጽ ጻፈ። የድሮው የሚዛን መርማሪ ሥራው ሰፋ። ክብደት ብቻ ሳይሆን ቃልንም የሚመዝን ሆነ፤ መሥሪያ ቤቱም ቀስ በቀስ የንግድ ደረጃዎች መሥሪያ ቤት ተብሎ ተጠራ።

ለትምባሆውም ተራው የደረሰው በ1991 ነው። በዚያ ዓመት የወጣው ልጆችን ከትምባሆ የመጠበቅ ሕግ ቅጣቱን ከፍ አደረገ፤ ሲጋራን ከማሸጊያው አውጥቶ በፍሬ መሸጥን ከለከለ፤ በየሱቁም ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አዘዘ። የአካባቢ አስተዳደሮችንም ቢያንስ በየዐሥራ ሁለት ወሩ አንድ ጊዜ ሕጉን የማስፈጸሚያ ፕሮግራም ማካሄድ ተገቢ መሆን አለመሆኑን እንዲመለከቱ አስገደደ። ይህን አንቀጽ በጥንቃቄ ያነበበ ሰው ግዴታው የተጣለው «በመመልከት» ላይ እንጂ «በመሥራት» ላይ አለመሆኑን ያያል። ቢሆንም ከ«ይችላል» ይሻላል። በየዓመቱ ነገሩን በስብሰባ ላይ ማንሣት ግዴታ የሆነበት ምክር ቤት «አልሰማሁም» ለማለት አይችልም። የንግድ ደረጃዎች ሠራተኞችም ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን በወላጆቻቸው ፈቃድ ወደ ሱቅ እየላኩ፣ ሻጩ ይሸጥላቸው እንደ ሆነ የሚፈትኑበትን ዘዴ አስፋፉ። የ1872ቱ ናሙና ገዢ መርማሪ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ በፍጥነት ሄደ። በ2007 በእንግሊዝ የመግዣው ዕድሜ ከ16 ወደ 18 ከፍ አለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በተዘጉ የሥራና የሕዝብ ቦታዎች ማጨስ ተከለከለ። ከ2009 ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ለልጆች የሸጠ ሱቅ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እስከ አንድ ዓመት ድረስ ትምባሆ ከመሸጥ የሚታገድበት መንገድ ተከፈተ። በ2011 ሻጭ የሌለው የሲጋራ ማሽን ተከለከለ። ለብዙ ሱቆች ከገንዘብ መቀጮ ይልቅ የሽያጭ እገዳ ይከብዳል፤ መቀጮ ከትርፍ ላይ ይከፈላል፣ እገዳ ግን ትርፉን ራሱን ያቆመዋል። መቀጮን እንደ ፈቃድ ክፍያ ቈጥረው ይኖሩ ለነበሩት የጥንት ጠማቂዎች መልሱ ይህ ነበር ለማለት ይቻላል።

በ2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ በልዩ ልዩ ሕጎች ተበታትኖ የነበረውን የመርማሪውን ሥልጣን በአንድ ላይ ሰበሰበ። መርማሪው ናሙና ይገዛል፣ ሱቅ ይገባል፣ ዕቃና ሰነድ ይመረምራል፣ ይይዛልም። ሥልጣኑ ግን ወሰን አለው። ለተለመደው ምርመራ ሲሄድ፣ ማስጠንቀቁ ምርመራውን የሚያከሽፍ ካልሆነ በቀር፣ ቢያንስ ከሁለት የሥራ ቀን በፊት በጽሑፍ ያስታውቃል። ወደ መኖሪያ ቤት ያለ ዳኛ ፈቃድ አይገባም። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለው ወሰን የመርማሪውን እጅ ያስራል ይላል። እኛ ግን እንዲህ አይመስለንም። መርማሪው እንደ ፈለገ ሲገባ የሚወጣበት ገበያ የመማለጃ ገበያ ይሆናል። ሐቀኛው ባለ ሱቅ ሕጉን የሚያከብረው ሕጉም እርሱን እንደሚያከብረው ሲያውቅ ነው። ናሙናውን ከሦስት የከፈለው የ1875ቱ ሕግ ይህን አስቀድሞ ተረድቶት ነበር።

ይሁን እንጂ ታሪኩ በድል የተፈጸመ አይምሰለን። ከ2009 እስከ 2016 ባለው ጊዜ ውስጥ የንግድ ደረጃዎች ሠራተኞች ቍጥር ከግማሽ በላይ መቀነሱን የአገሩ ዋና ኦዲት መሥሪያ ቤት ገልጿል። የሕጉ ቍጥር ሲበዛ የአስፈጻሚው ቍጥር አነሰ። በ1860 ሥልጣኑ በፈቃድ የተተወ ስለ ነበር ሳይሠራ ቀረ፤ በኋላኛው ዘመን ደግሞ ግዴታው ተጽፎ ሳለ ሰውና ገንዘብ ሲያጥር ግዴታው ራሱ ቀስ ብሎ ወደ «ይችላል» ይመለሳል። ግዴታ ያለ በጀት ከተመኘነው ነገር ብዙም አይበልጥም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው የሌላውን አገር ታሪክ ለመተረክ ብቻ አይደለም። ሁለቱም አገሮች፣ እንግሊዝ በ2004፣ ኢትዮጵያም በ2006 ዓ.ም.፣ ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቍጥጥር ስምምነት አጽድቀው በአንድ ቃል ኪዳን ታስረዋል። የኛ አገር የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቍጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል፤ ሲጋራን በፍሬ መሸጥን ይከለክላል፤ በተዘጉ የሕዝብ ቦታዎች ማጨስንና የትምባሆ ማስታወቂያንም ይከለክላል። በዕድሜው ረገድ ከእንግሊዙ የ2007 ሕግ ይልቅ የኛው የጠበቀ ነው። አፈጻጸሙም በፌዴራሉ ባለሥልጣንና በየክልሉ ተቈጣጣሪዎች መካከል የተከፈለ ነው።

እንግዲህ የሚቀረን ጥያቄ ሕጉ መልካም ነውን የሚል አይደለም፤ መልካም ነው። ጥያቄው በሱቅ በደረቴው ሣጥንና በሰፈሩ ኪዮስክ ፊት የሚቆመው ሰው ማን ነው የሚል ነው። የወረዳው ሠራተኛ ነውን? የጤና ተቈጣጣሪው ነውን? የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ነውን? ወይስ ደንብ አስከባሪው? አራቱም «ይችላሉ» ከተባለ፣ በብራድፎርድ የሆነውን አስታውሰን፣ አንዱም እንዳይቀር ብለን መጠንቀቅ ይገባናል። የአንዱ ግዴታ ተለይቶ መታወቅ አለበት። መዞሪያ ጊዜና ገንዘብ ሊመደብለት ይገባል። ምን እንደሠራ በዓመቱ መጨረሻ በምክር ቤት ፊት ይጠየቅ። ገቢው ከመቀጮው እንዳይሆን፣ ነጋዴውም ራሱን የሚከላከልበት ማስረጃ እንዳይነፈገው በሕግ ይጠበቅ።

መምህራን ለተማሪዎቻቸው ይህን ታሪክ ሲያስተምሩ የነገሥታቱን ስም ብቻ ሳይሆን የጠላ ቀማሹን፣ የናሙና ገዢውንና የሚዛን መርማሪውን ሥራ ጭምር ቢያነሡ መልካም ነው። የመንግሥት ሠራተኞች የሆንን ሁሉ ደግሞ በየጠረጴዛችን ላይ የሚመጣውን የደንብ ረቂቅ በምናነብበት ጊዜ፣ «ይችላል» የሚለውን ቃል ባገኘን ቍጥር እስክሪብቶአችንን አቁመን ማን? በምን ገንዘብ? ባይሠራስ? ብለን እንጠይቅ። በብራድፎርድ ገበያ ከረሜላ የገዙት ልጆች የሞቱት እነዚህን ጥያቄዎች በጊዜው የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ነው።